ያለፉ እና የወደቁ

(ከሰዓት በፊት፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ። ተመራማሪው ዶክተር ምትኩ ፍሪጁን ከፍቶ ቆሟል፤ የንብረት ክፍሏ እትዬ ዘርፌ መዝገብ ታቅፈው በሩ ላይ ናቸው።)

ምትኩ፦ ብልቃጤ «ተወግዷል» ማለት ምን ማለት ነው፣ እትዬ ዘርፌ? የአስራ አንድ ዙር ልፋት እኮ ነው።

ዘርፌ፦ ብልቃጡ ላይ «ያለፉ» ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ጊዜው ያለፈ ነገር እዚህ አይቀመጥም።

ምትኩ፦ ጊዜያቸው አይደለም ያለፈው። ፈተና ያለፉ ናቸው።

ዘርፌ፦ ማን? ውሃው?

ምትኩ፦ ጠብታዎቹ። ይቺ መሣሪያ ከፀጉር በቀጠነ ቱቦ ውስጥ ውሃውን በዘይት እየቆራረጠች ሚሊዮን ጠብታ ታደርገዋለች። በየጠብታው አንድ ኢንዛይም አለ። የጓያን መርዝ የሰበረው ያበራል። ያበራውን እንመርጣለን፣ ትንሽ እያዛባን እናባዛዋለን፣ ደግሞ እንፈትነዋለን።

ዘርፌ፦ እያዛባችሁ?

ምትኩ፦ ከተዛቡት መሃል ከወላጁ የሚሻል አይጠፋም።

ዘርፌ፦ እሱስ እውነት ነው። ከአምስት ልጆቼ አንዷ እንደዚያ ነች።

ምትኩ፦ «የወደቁ» የሚለውስ ብልቃጥ?

ዘርፌ፦ እሱንማ ሳይ ደነገጥኩ። ተሰንጥቆ እንዳይሆን አገላብጬ አየሁት፤ ደህና ነው። ወልውዬ ቦታው መልሼዋለሁ።

ምትኩ፦ እትዬ፣ አጎቴ በጓያ እግሩን ተይዞ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። «ለልጆችህ እደርሳለሁ» ብዬዋለሁ። አሁን ምን ልበለው?

ዘርፌ፦ እኔን ይድፋኝ። ታዲያ ሰኞ ዕለት የማስወገጃ ቅጹን ሳመጣልዎ ለምን ፈረሙ?

ምትኩ፦ እኔ? እስቲ ቅጹን ልየው... ፊርማዬ ነው። አላነበብኩትም።

ዘርፌ፦ ስልክ እያወሩ ነበር። እኔ ቆሜ ስጠብቅ።

ምትኩ፦ የት ነው የደፉት?

ዘርፌ፦ ማን ደፋው? ከመዝገብ ተወግዷል አልኩ እንጂ። ለመድፋት የአስወጋጅ ኮሚቴው ሦስቱም አባላት መገኘት አለባቸው። ሦስት ጊዜ ተጠርተው አንዱ እየቀረ ስብሰባው ፈረሰ። እስከዚያ ብዬ እኔ ክፍል ፍሪጅ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ምትኩ፦ ተመስገን። ያንን የቀረውን ሰው ዕድሜ ይስጥልኝ። ማን ነው?

ዘርፌ፦ እርስዎ ነዎት።

ምትኩ፦ በሉ ቁልፉን ይስጡኝ።

ዘርፌ፦ አንዴ የተወገደ ዕቃ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይመለስም። ስብሰባው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንደለመዱት መቅረት ይችላሉ።