ያልደማው ሎሚ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ቫማን ትሪምባክ ዴዎሬ
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ በጡረታ ላይ ያሉ የሳይንስ መምህር
አድራሻ፦ ዎድፋሊ መንደር፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 19 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.
ጉዳዩ፦ በወይዘሮ ጃሙ ቫሳቬ ላይ የደረሰ ድብደባ

ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ ያየሁትንና ያደረግሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ዎድፋሊ ውስጥ ለረጅም ዓመታት አስተምሬያለሁ። ተጠርጣሪው ጉማን ቫሳቬም ተማሪዬ ነበር፤ እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ "ጉሩጂ"፣ ማለትም መምህር፣ ይለኛል። ባለፈው እሁድ ጠዋት የጉማን ሕፃን ልጅ በትኩሳት ከተያዘ ቀናት አልፈውት ነበር። የመንደሩ አዋቂ ልጁን ቡዳ እንደበላው ተናግሮ፣ በጎረቤታቸው በመበለቷ ራጅሊባይ ራስ ላይ ሎሚ አዙሮ ሲቆርጥ ሎሚው ደም መስሎ ቀላ። ሰምቼ ስደርስ ራጅሊባይን ኒም ዛፍ ላይ አስረዋት አገኘሁ። ልጁ ቶሎ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ለመንኳቸው፤ እናቱ አዝላው ሄደች። ሴትዮዋን ግን አንለቅም አሉ።

ሎሚው ለምን እንደቀላ በዓይናቸው እንዲያዩ አሰብኩ። ከቤቴ ሁለት ቢላ አመጣሁ። አንዱን በቀይ የከርከዴ አበባ አሽቼ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ሌላውን በውኃ አጠብኩት። በሁለቱም ሎሚ ቆረጥኩ። አበባ የነካው ቢላ የቆረጠው ሎሚ ቀላ፤ የታጠበው የቆረጠው እንደነበረ ቀረ። የአበባው ቀለም ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ እንደሚቀላ፣ ከዚህ ሌላ ምስጢር እንደሌለው አስረዳሁ። ሁሉም አዩ። አዋቂውም ተሳቀበት። አንዲት አሮጊት፣ "ሂድ አንተ! የተረፈህን ሎሚ ሚስትህ ምስር ላይ ትጭመቅበት!" ስትለው ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጉማን ግን ጎንበስ ብሎ እግሬን ነካና፣ "ጉሩጂ፣ ለካስ ከእሱ የሚበልጥ አዋቂ እጉያችን ውስጥ ኖሯል! በሉ እንግዲህ እርስዎ ይቁረጡልንና ይለይልን" አለኝ።

"አንተ ሰው፣ አሁን ያሳየሁህ ምን ነበር?" አልኩት።

"አየሁ እኮ። እሱ የደበቀንን እርስዎ ገልጠው አሳዩን። ለዚያም ነው የምናምንዎት።"

ስለ ቀለሙ እንደገና ማስረዳት ጀመርኩ። ከኋላ የቆሙት፣ "እሳቸው ካልቆረጡ እኛው እንጨርሳታለን" አሉ። ዱላም ድንጋይም ይዘው ነበር። ራጅሊባይ፣ "ወንድሜ፣ በአምላክህ ቁረጥላቸው" አለችኝ።

የታጠበውን ቢላ አነሳሁ። ሎሚውን በራሷ ላይ አዙሬ ቆረጥኩት። አልቀላም። ፈቷት፤ ወደ ቤቷም ገባች። ይህን ያደረግሁት ሎሚው እንደማይቀላ አስቀድሜ እያወቅሁ መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

ወዲያው ጉማን፣ "እሷ ካልሆነች ታዲያ ማናት?" አለ። የወንድሙን ሚስት ጃሙን ከደጇ እየጎተቱ አመጧት። ልጅ አልወለደችም። "እንኳን ልበላው፣ ሲታመም ሲያዝለው ያደረው የማን ጀርባ ነው?" አለቻቸው። አልቆርጥም አልኩ። ሰው በዓይኑ ሰው አይበላም ብዬ ጮህኩ። "አውቀው ነው፤ ሊደብቁላት ነው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጉማን ድንጋይ ላይ ያስቀመጥኩትን ሌላውን ቢላ አነሳ።

"ጉማን፣ ያ የአበባው ነው!" አልኩት።

"አውቃለሁ ጉሩጂ። የታጠበው ንጹሑን ያወጣል፣ የአበባው በዳዩን ያወጣል። ሁለት ያመጡት ለዚህ አይደል እንዴ?"

ቆረጠው። ቀላ።

መጀመሪያ የመታት ጉማን ነው፤ በዱላ፣ ትከሻዋ ላይ። ከዚያ በኋላ የመቱትን ለይቼ አልናገርም፤ በላይዋ ስወድቅ መነጽሬ ተሰብሯል። እኔን የመታኝ የለም። እግሬን እየነኩ፣ "ይቅር ይበሉን ጉሩጂ" እያሉ ጎትተው አነሱኝና ወደ እሷ ተመለሱ። ጃሙ እስካሁን ሆስፒታል ውስጥ ራሷን አታውቅም።

ልጁ በደም ምርመራ ወባ ተገኝቶበታል፤ መድኃኒት ወስዶም ትኩሳቱ በርዷል። በመንደሩ ግን፣ "ስትመታ ለቀቀችው" እየተባለ ነው።

በማስረጃነት ያሳዩኝ ቢላ የእኔ ነው። እጀታው ላይ ያለውን ክር የጠመጠመችው ባለቤቴ ናት።

ቃሌን ከጨረስኩ በኋላ፣ ይህን የሚጽፉት ምክትል ኢንስፔክተር ጋቪት ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ "እንደው ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ ጉሩጂ፣ የመጀመሪያዋ ሴትዮስ በእርግጥ ንጹሕ ነበረች?" ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ከነመልሱ እንዲመዘገብ አመልክቼ ፈቅደዋል። መልሴ፣ ሎሚው ስለ ራጅሊባይም ሆነ ስለ ጃሙ የተናገረው አንዳች ነገር የለም የሚል ነው። ከዛሬ ጀምሮ በራጅሊባይ በር ላይ ጠባቂ ፖሊስ እንዲቆምም እጠይቃለሁ።

መነጽር ስለሌለኝ ጽሑፉ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የተጻፈው የተናገርኩት ነው፤ የተናገርኩትም እውነት ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቫ. ት. ዴዎሬ
ቃሉን የተቀበለው መኮንን ፊርማ፦ ም/ኢንስፔክተር ጋቪት