ከመርፌ የተደበቁት ፍየሎች

በእኛ ጊዜ፣ ጀልዴሳ ገጠር ሳለን ማለቴ ነው፣ ድሬ ከተማ ሳንገባ፣ ፍየል ያለው ሰው መንጋውን በሙሉ ለእንግዳ አያሳይም። ዓይን ይበላዋላ! መልካሙን ይደብቃል፣ ከሲታውን ደጅ ያቆማል። ምን ያስቅሃል? አንተስ ታይዋን ገበያ ስትገባ ስልክህን ትደብቅ የለ?

ታዲያ አንድ ቀን የከብት ሐኪሟ ሰዎች በመኪና ይዛ መጣች፣ እና ምን አለች፣ "እናቶች፣ አባቶች፣ ይሄ የፍየል ሳምባ በሽታ ክትባት ለእናንተ ተብሎ የተሠራ ነው፣ መንግሥትና የመድኃኒት ፋብሪካ ተስማምተው፣ በረዶ ባይኖር እንኳ በዚህ ሙቀት አይበላሽም" አለች። ለእኛ ተብሎ! ለድሃ ፍየል ማን አስቦ ያውቃል? ደስ አለኝ፣ ወላሂ።

ባሌ አብዶሽ ግን፣ አላህ ይርሐመውና፣ የሚታለቡትን ሁሉ ወደ ሸለቆ ነዳቸው። "አቦ፣ ምን እያደረግህ ነው?" ስለው፣ "ዝም በይ! መኪና ሙሉ እንግዳ ዓይኑን እንዲጥልባቸው ነው?" "መርፌው እኮ ለእነሱ ነው!" "ለከሲታዎቹ ይበቃል!" እና እሱ ብቻ እንዳይመስልህ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲያው ነው ያደረገው። ሐኪሟም ደጅ የቆሙትን ወግታ ሄደች።

ታዲያ በሽታው ገባ። ከሲታዎቹ ተረፉ፣ የተደበቁት እያሳሉ አለቁ። አለቁ ልጄ፣ ጡታቸው ወተት እንዳቋጠረ።

ሐኪሟ የፋብሪካውን ሰዎች ይዛ ተመለሰች። "አባባ አብዶሽ፣ የሞቱት ተከትበው ነበር?" አለችው። አሁን ደብቄ ነበር ይበል? ትልቅ ሰው፣ በሰው ፊት? "እንዴታ! ሁሉም ተወግተዋል" አለ። ጎረቤቶቹም "አዎ፣ ተወግተዋል!" አሉ። "ታዲያ እነዚህ እንዴት ተረፉ?" "እነሱማ አላህ ያተረፋቸው ናቸው!" እኔ ከኋላ "ውሸቱን ነው፣ ሸለቆ ነበሩ!" ብዬ ጮህኩ፣ ባማርኛም በኦሮምኛም ጮህኩ። "ተዉአት፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት" አሉ።

እና የፋብሪካው ሰዎች "መድኃኒቱ እዚህ አልሠራም" ብለው ጠቅልለው ሄዱ፣ ያ ክትባት ከዚያ ወዲያ ወደ እኛ አልመጣም። ፍየሉስ ይሁን፣ ፍየል ይተካል። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ በስንት ዘመን አንዴ ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነገር መጣ፣ እኛው በአፋችን መለስነው። በሽታው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይመላለሳል።

"አኮ፣ አባባ በኋላም መደበቁን አላመነም?" አለ የልጅ ልጇ።

"አመነ እንጂ! ለእኔ፣ ቤት ዘግቶ" አለችና ሳቀች፣ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። "እኔማ ድሮም አውቅ ነበር። ለሐኪሟ ነበር እንጂ መንገሩ።"