ሰባት ቤት በስልክ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሴት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሥራህ ምንድነው አይባልም፤ የማን ልጅ ነህ ነው የሚባለው። ታዲያ የወንድሜ ልጅ ትርሲት፣ ወንድሜ ሊሞት ሲል አደራ ብሎ የሰጠኝ፣ አንድ ቅዳሜ እዚህ ስደት አገር፣ ስካርቦሮ ቤቴ መጣችና "አጎቴ፣ የማገባውን ሰው አገኘሁ" አለችኝ።

"የማን ልጅ ነው?"

"ኤይናር ይባላል፣ የአይስላንድ ሰው ነው።"

እኔ እንዲህ የሚባል አገር ሰምቼ አላውቅም። "ምን ዓይነት አገር ነው?" ብላት "ባሕር መሀል ያለች ደሴት ናት" አለችኝ። ዛፍ እምብዛም የለም፣ የሚኖሩት በዓሣና በበግ ነው፣ ቤታቸውን የሚያሞቀው ከመሬት የሚፈላ ውሃ ነው፣ ወታደር የላቸውም፣ ሕዝቡ ሁሉ ቢሰበሰብ ስካርቦሮን አይሞላም። ወታደር የሌለው መንግሥት እኔ አላየሁም፤ እዚህ ስደት ያደረሰኝስ ወታደር አይደል። "ልጄ፣ ይኼ ሰው የሌለ አገር እየነገረሽ ነው" አልኳት።

ሌሊቱን ዳዊቴን ደገምኩ፣ ጌታ ሆይ ግለጥልኝ አልኩ፣ እና እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጁ መጣ። ረጅም፣ ጢሙ ቢጫ፣ ዓሣ አስመጪ ቤት የሚሠራ። ጎረቤቴን ጋሽ ወርቁን ለምስክር ጠርቼዋለሁ። ስሙን ከነአባቱ ስጠይቀው፣ በስሙ መጨረሻ የሚጠራው ሌላ፣ አባቱ የሚጠራበት ሌላ። "እኛ ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም ነው የምንጠራ፣ የቤተሰብ ስም የለንም" አለ፤ ትርሲት ናት የምታስተረጉም።

ይኼኔ ጠረጠርኩ። እንዲህ የምንጠራው እኮ እኛ ነን። ፈረንጅ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ስም ነው፤ እኔን ራሴን ኢሚግሬሽን ቢሮ የአያቴን ስም በልጆቼ ሁሉ ላይ ለጥፈውብኝ ነው የወጣሁት። ጋሽ ወርቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አስጠንታው ነው" አለ። እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት።

"እሺ፣ አባቶችህን ቁጠር" አልኩት። ሁለት ሦስት ብሎ ይቆማል ብዬ። እሱ ሆዬ ሲጉርዱር፣ ዮን፣ ማግኑስ፣ ኦላፉር፣ ቢያርኒ እያለ አሥራ ሁለት ደረሰ። እኔም ባለችኝ ፊደል ጻፍኩት። ግን ስም መደርደር ማንን ያቅታል?

"አገርህ ማን አለህ?" አልኩት።

"የአባቴ እናት።"

"በል አሁን ኮል አድርግላት። እሷም ትቁጠር።"

"ኧረ አጎቴ፣ ኢንሰልት እያደረጉት ነው እኮ" አለች ትርሲት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። እሱ ግን ስልኩን አነሳ፣ ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ አደረገው። ቋንቋውን አላውቅም፤ ስም ግን አይተረጎምም። አሮጊቷ ስትጀምር ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ እከተላለሁ። ሲጉርዱር፣ ወረቀቴ ላይ አለ። ዮን፣ አለ። ማግኑስ፣ ኦላፉር፣ ቢያርኒ፣ አለ። ከዚያ አንድ ወረቀቴ ላይ የሌለ ስም ጠራች። ጋሽ ወርቁ በክርኑ ጎሰመኝ። ልጁ "አንድ ሰው ዘልያለሁ" ብሎ ቀላ፣ እሷም በስልክ ትቆጣዋለች፣ ይቅርታ ይላል፣ ደግማ ትቆጣዋለች። ያጠና ሰው ቢሆን እንዲህ ይሳሳታል? የኔ ጥርጣሬ እዚያ ላይ ላላ።

ታዲያ አሮጊቷ ቀጠለች። ልጁ መተርጎም ፈራ።

"ምን አለች?" አልኩ።

"የልጅቱ አጎትስ የማን ልጅ ነው፣ ይጠጣል ወይ፣ ለማላውቀው ቤት ልጄን አልሰጥም፣ ይቁጠርልኝ ትላለች" አለች ትርሲት ከልጁ ተቀብላ።

ስልኩን ተቀበልኩ። አባቴን፣ አያቴን፣ እያልኩ ስድስተኛው ላይ ደረስኩ፣ ሰባተኛው ጠፋኝ። ትርሲት ታየኛለች፣ አሮጊቷም ትጠብቃለች። ስም ፈጥሬ ልጨምር አሰብኩ፤ ዘሬን ማን ያውቃል እዚያ? ግን ከቅዳሴ መምጣቴ ነው። "ጠፋኝ በላት" አልኩ።

ነገራት። "ቀጥፎ መሙላት ይችል ነበር፤ አልቀጠፈም። ልጅቱ ትምጣ" አለች።

እኔም ትርሲትን "አግቢው" አልኳት። እኛን እንደዚህ የሚጠረጥር ቤት ልጅ አይጥልም ብዬ ነው፤ አልጣላትምም። ጋሽ ወርቁ ግን እስከ ዛሬ "ስልኩን ያነሳችው አያቱ መሆኗን በምን አወቅህ?" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ በምን አውቃለሁ? ግን በሩቅ ስልክ እንደዚያ አድርጎ የሚቆጣ ከአያት በቀር ማን አለ እለዋለሁ።