ቢጫው ሸራ

ስሜነሽዬ፣ እንዴት አደርሽ? ዳሱማ ደረሰ! የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው የጣላችሁበት? ደግ አደረጋችሁ፣ ሽታው ራሱ ደስ ይላል... ጠላውስ? ካነሰሽ ከእኔ ቤት ላኪ። ሸራ ግን አላለበሳችሁትም አይደል? እንዲያው ነው የምጠይቅሽ... ቢጫ ሸራ።

ጮክ አልኩ እንዴ? እዚያ ምሰሶው ሥር ካሜራውን የሚወለውለውን ሰው እንዳልረብሸው። እሑድ የልጅሽን ሠርግ በሲኒማ ሊያነሳልሽ ነው አሉ። መቼም የታደልሽ ነሽ!

እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። አምና በጥር የልጄን የዘውድነሽዬን ሠርግ ያነሳልን አንድ ጨዋ ሰው ነበር። ዳሳችሁ ይመርላችሁ ብሎ ቢጫ ሸራ ከአዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ አለበሰልን። ፀሐዩ በዚያ ሸራ ሲያልፍ ሁላችንንም ቢጫ አደረገን... እሱ ምን ያድርግ? ፀሐይን ማን ያዛል?

ፊልሙ ባሕር ማዶ ታጥቦ ሲመለስ ግምጃ ቤት ከተማ፣ የልጄ አማቶች ግቢ፣ አቡጀዲ ተሰቅሎ ታየ። ልጄ እርድ የተቀባች መስላ ብቅ አለች። አማቷ "የወፍ በሽታ አለባት! ደብቀው ነው የዳሩልን!" ብላ ጮኸች። ያን ሁሉ ወር አብራት ስትበላ ያላየችውን በሽታ አቡጀዲ ላይ አየችው። አስተዋይ ሴት ናት እኮ! ያ ጨዋ ሰውስ? "ሸራዬ ነው" ማለት ይችል ነበር... ትሑት ስለሆነ ስለ ንብረቱ ማውራት አልወደደም። "ካሜራ የሚያየው የውስጡን ነው" አለ።

ቂም ይዞ ነው የሚሉ አሉ። ምን ቂም? ሽማግሌ ልኮ "ልጃችን አልደረሰችም" ብለን መልሰን፣ በወሩ ለሌላ ስለዳርናት? በዚህ የሚቀየም ልብ የለውም... ልብ እንደሌለውማ እኔ ምስክር ነኝ።

ልጄን ከጠበል ጠበል አንከራተቷት። "ስትድን ትመለስ" ብለው ሊልኩብኝ ጓዟን አስረው፣ ጋሪ ቀጥረው ነበር። ስንት ቀን አለቀስኩ፣ ስሜነሽ። ማን አዳናት በይኝ? ፈረስ!

በምትሄድበት ዋዜማ የቀረው ፊልም ይታይ ተባለ። የባሏ አባት የአቶ እንየው አምባላይ፣ ያ ወተት የመሰለው ፈረስ፣ ዳሱ ውስጥ ቆሞ ወጣ። ቢጫ! አቶ እንየው ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። "ምራቴ ትታመም፣ እሺ። ፈረሴን ግን አውቀዋለሁ!" አቤት! ካሜራው ያኔውኑ የውስጡን ማየት ተወ። ያ ሰው ሸራው ትዝ አለው። "አስተካክለዋለሁ" ብሎ ሰማያዊ የከረሜላ ወረቀት መብራቱ ፊት ለጠፈ። አስተካከለውም! ሁላችንም አረንጓዴ ሆንን። ፈረሱ የሚግጠውን ሣር መሰለ። አማቷ ራሷን ጎመን መስላ ስታይ ጊዜ "እዚህ ቤት የታመመ የለም" ብላ ተቀመጠች። ልጄም ጓዟን ፈታች።

እና ያንሳልሽ፣ እኔ አልከለክልሽም። ብቻ ሙሽራዋ አጠገብ ነጭ ፈረስ አቁሙ።

ለዚያ ለነገርኩሽ ሰው ግን፣ የትም ይሁን የት፣ ደግ ደጉን ነው የምመኝለት። አሜን በይ እንጂ! አምላክ መልካም ሚስት ይስጠው... ሲኒማ ሲያሳይ በጨለማ አይታ ወድዳው፣ በነጋታው በፀሐይ ስታየው ወደ እናቷ የማትመለስ።