የተላጠ ጉልበት መርዶ

ወደ ታቦር የምትወጣው ባጃጅ ሦስት ሰው እንድትጭን ተፈቅዶላት ግማሽ ሐዋሳን ጭናለች። ከጎኔ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ለማታውቃቸው ትልቅ ሴት ችግሯን ታጫውታለች።

«ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ሲሮጥ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፣ እማማ። ለእናቱ ደወልኩላት።»

«ምን አልሻት?»

«ምንም አልሆነም፣ አይዞሽ፣ ብቻ ቶሎ ነይ አልኳት።»

«ገደልሻታ!»

«እውነቴን እኮ ነው!»

«ልጄ፣ ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም ‹ትንሽ አሞታል› ነው የተባልኩት።»

«እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዕድርተኛውን ሁሉ አስከትላ፣ እየጮኸች ደረሰች። ልጁ ብስኩቱን እየበላ አብሯት አለቀሰ።»

«ዛሬስ ወዴት ነሽ?»

«ዛሬ ደግሞ አንዷ ልጅ ስትጫወት ከጓደኛዋ ጋር ተጋጭታ ግንባሯ ትንሽ አበጠ። እናቷን ልቧን ያማታል። እንዳትደነግጥ ስልኩ ይቅርና ቤቷ ድረስ ሄደን እንንገራት ተባለ።»

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

«ዳይሬክተሯና ዘበኛው ከኋላ ባለው ባጃጅ እየመጡ ነው። የሚያረጋጋት ሰው አይጠፋ ብለን አንድ ሽማግሌም ጨምረናል።»

«ልጅቷስ?»

«እሷማ እዚያው እየተጫወተች ነው፤ ለዚች እብጠት ምን ብለን እናምጣት!»

«በይ እንግዲህ፣ ገና ከበሩ እየሳቃችሁ ግቡ።»

«ኧረ እማማ፣ ዳይሬክተሯ እንዳትስቁ ብላ አስጠንቅቃናለች፤ ወላጅ እንደ ንቀት ያየዋል።»

ዘወር ብዬ በኋላችን ባጃጅ አንገታቸውን ደፍተው የሚከተሉንን ሦስት ሰዎች አየሁና ኮፍያዬን አወለቅሁ።