ጥጥ ነዳፊው ባዩሚ ደጋኑን ስለ ማስቀመጡ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሰፈርተኛው ሙያውን አክብሮ «ኡስታ» የሚለው ባዩሚ በሽታውን የሚደብቀው ከሐኪም ብቻ አልነበረም፤ ከደረጃም ይደብቀው ነበር። በግብጽ፣ በታንታ ከተማ ለሙሽሮች ፍራሽ ጥጥ ሲነድፍ ጠጉሩ የሸበተው ይህ ሰው፣ ፎቅ ሲወጣ ትንፋሽ ባጠረው ቁጥር ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር ይመስል ነበር። ያደረገው ማሰሪያ የሌለው ነጠላ ጫማ መሆኑን ልብ የሚል ሰው እስኪያጋጥመው ድረስ ዘዴው ሠርቶለታል።

ያ ሰው ነስማ ሆነች። ነስማ የሟች ጓደኛው ልጅ ናት፤ በሆስፒታል ደረታቸውን የታመሙ ሰዎችን መተንፈስና መራመድ ታለማምዳለች። ሠርጓ ስለ ተቃረበ እናቷ ባዩሚን «የሙሽሪትን ጥጥ መጥተህ እይልን» ብላ ልካበት ነበር። ነስማ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው መሐል ላይ አጎንብሶ አገኘችው።

«አጎቴ ባዩሚ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ጫማዬን... ላስር ብዬ ነው።»

«ነጠላ ጫማ እኮ ነው ያደረጉት።»

ባዩሚ እግሩን አየ። «ያንን ሁሉ ዓመት የተማርሽው የሰው እግር ማየት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሳል ሆነበት።

ነስማ ሻርፗን ደረጃው ላይ አንጥፋ አስቀመጠችውና አጠገቡ ተቀመጠች። «ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው በከንፈርዎ ቀስ አድርገው እፍ ይበሉ። አይቸኩሉ፤ ሻዩ የትም አይሄድም።»

እፍ አለ። ደጋግሞ እፍ አለ። ወደ ጆሮው የወጣው ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ።

«ሐኪም አይተውዎታል?»

«አይቶኛል። ሳንባህ ተጎድቷል፣ የሚነቀል በሽታ አይደለም፣ ሥራህን ተው አለኝ። መድኃኒቱን ተቀበልኩ፤ ምክሩን እዚያው ትቼለት መጣሁ። እኔ እንደሆንኩ ወተቴን እጠጣለሁ።»

«የምን ወተት?»

«ደጋን ከማንሳቴ በፊት አንድ ብርጭቆ ወተት ነዋ። አባቴም እንዲሁ ነበር። አቧራውን ያጥበዋል።»

«አባትዎ እንዴት ሞቱ?»

ባዩሚ ግድግዳውን ማየት ያዘ። ነዳፊዎች ሁሉ ይህን ወተት ከአባቶቻቸው ወርሰዋል፤ አባቶቻቸው በምን እንደሞቱ ግን እርስ በርስ አይጠያየቁም።

«አጎቴ፣ ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ጎረቤት ቤቱን ቢያጥብ የእርስዎ ቤት ይጸዳል? ማታ ማታ ያለው ሺሻስ?»

«እሱ አክታ ያላቅቃል።»

«እሱ የሚያላቅቀው እርስዎን ከባለቤትዎ ነው።»

«አፍሽ ቁርጥ የአባትሽ ነው» አለ ባዩሚ፤ ግን አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ልጄ፣ ደጋኑን ካስቀመጥኩ እኔ ማን ነኝ? መንገድ ላይ ስሄድ ‹ነዳፊው መጣ› እባላለሁ። ነገ ‹የኢንሳፍ ባል መጣ› ሊሉኝ ነው?»

«መጥፎ ስም ነው?»

«ስሙስ ጥሩ ነበር። ግን ቤት ውሎ ነጭ ሽንኩርት መላጥ አለበት።» ከዚያ ቀልዱን ተወው። «ደግሞ ስድሳ እንኳ አልደፈንኩም። ሥራ ያቆመ ሰው እንደ ረጋ ውሃ ነው። ነዳፊውን ዙህዲን አታስታውሽውም? ሱቁን በዘጋ በወሩ ቀበርነው።»

«ኡስታ ዙህዲ እኛ ክፍል ነበር የተኛው። ሱቁን ስለ ዘጋ አልሞተም አጎቴ። መራመድ ካቃተው በኋላ ነው የዘጋው። እርስዎን ግን እግርዎ እስከዚህ አድርሶዎታል። ጡረታ ትንፋሽ ሳለ የሚወጡት ነገር ነው፤ ካለቀ በኋላማ ሌላ ስም አለው።»

ይህ ቃል ባዩሚን ነካው። ስለ ዙህዲ እንዲህ አስቦ አያውቅም ነበር።

«ሱቁስ?»

«የወንድምዎ ልጅ ሻዝሊ ይከራየው።»

«የስፖንጅ ፍራሽ ይሸጥበታል። ስፖንጅ ላይ የተኛ ሰው ሕልም አያይም።»

«ሻዝሊ ኪራዩን ይክፈል፤ ሕልሙን ለገዢዎቹ ይተዉት።»

ባዩሚ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ ይሁን፤ ያንቺን ጥጥ ልንደፍና አቆማለሁ። ለአባትሽ ቃል ገብቼለታለሁ።»

ነስማ ስትናገር ቃሉ ከአፏ በግድ የወጣ ይመስል ነበር። «የእኔን አይነድፉም።»

ለሙሽሪት ጥጥ የተጠራን ነዳፊ ከደረጃ መመለስ በዚያ ሰፈር ስድብ ነው፤ ገድ ያበላሻል የሚሉም አሉ። ባዩሚ ፊቱ ጠቆረ። «ሌላ ሰው አገኘሽ ማለት ነው?»

«አላገኘሁም። ግን ያ ፍራሽ ላይ ጋደም ባልኩ ቁጥር በምን እንደተሞላ አውቃለሁ። ጥጥ ብቻ አይሆንም፤ የእርስዎ ትንፋሽም አለበት። እንዴት ብዬ እተኛበታለሁ?»

«ቃሌስ?»

«አባቴ አደራ ሲልዎት ያሰበው ለፍራሹ ነው ወይስ ለእኔ?»

ከላይ የእናቷ ሬድዮ ይሰማል። ባዩሚ መዳፎቹን አገላብጦ ተመለከታቸው፤ አውራ ጣቱ በደጋኑ ጅማት ተቆርጦ ተቆርጦ ደንድኗል። «የሚነድፈው ሰው» አለ፣ «ነፋሱን ከጀርባው ያድርግ። አፍንጫውንም በደንብ ይሸፍን። ቤት ውስጥ እንዳይነድፍ። እኔ ያላደረግኩትን እሱ ያድርግ።»

ነስማ እጁን ስማ አነሳችው። የቀሩትን ደረጃዎች እያረፉ ወጡ፤ በዚያ ቀን ጫማ ያሰረ የለም።

ሌላ ነዳፊ የነስማን ጥጥ በመንገድ ላይ በነደፈበት ቀን ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ባዩሚ አዲስ ኮቱን ለብሶ ከተዘጋው መስኮት ኋላ ተቀምጦ ያይ ነበር። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ የደጋኑን ምት ይመታል። ሚስቱ ኢንሳፍ አየችና እጁን በእጇ ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ሱቁን ሻዝሊ ተረከበ። ሺሻውን ኢንሳፍ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ሰጠችው፤ ባዩሚም ጥቂት ሳምንት እንደ ቁራ ሲነጫነጭ ከረመ። ጠዋት ጠዋት በቦዩ ዳር ሳይደክመው በፊት እያረፈ ይራመዳል፤ የሚሳበውን መድኃኒት ነስማ እንዳሳየችው ይስባል፤ ሆዱን እስኪወጥረው አይበላም፤ የብርዱ ወራት ሳይገባ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይወጋል። ሕመሙ አልለቀቀውም፤ የተጎዳ ሳንባ እንደ አሮጌ ጥጥ ተነድፎ አይታደስም። የቀረውን መጠበቅ ግን ይቻላል፤ ለዚህም በጊዜ ማረፍን የመሰለ ብልሃት የለም። ሥራ ክብር ነው፤ ሠሪውን የሚበላ ሥራ ግን ለሚወዱት ሰዎች የሚተርፍ ክብር የለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢንሳፍ ወጥ እያማሰለች ሳለ ቤቱ ጭር አለባት። ለስንት ዓመት ባሏ ቤት መኖሩን የምታውቀው በሳሉ ነበር። ደንግጣ እጇን ሳትጠርግ ወደ መኝታ ክፍል ሮጠች። ባዩሚ በጀርባው ተኝቷል። መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ ደረቱ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

«ምን ሆንሽ?» አላት ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ምንም። ተኛ» አለችው፤ እጇን ግን አላነሳችም።