የቆረጥኩት የሰርግ ቪዲዮ

ከተማ ውስጥ፣ ሸዋ በር ጋ ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ጊዜ ነው። አባባ ዩሱፍ የሚባሉ የሶፊ ገጠር ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው፣ የወንድ ልጃቸውን ሰርግ በፍላሽ ይዘው መጡ። ጅዳ ያለችው ሴት ልጃቸው ኢንተርኔት ላይ ከፍታ በስልኳ እንድታየው ፈልገዋል። ፋይሉ ከባድ ስለነበር ኮንቨርት አድርጌ ጥራቱን ቀነስኩት። አሁንም አልጫን ሲለኝ፣ መጀመሪያ ላይ ያለውን የእንግዳ አቀባበል በሙሉ ቆርጬ ጣልኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ የበር ላይ ሰላምታ ማን ያያል ብዬ ነው። አባባ ዩሱፍ የሠራሁትን አይተው፣ «እኔ የታለሁ?» አሉኝ።

«ይኸው፣ ከሙሽሮቹ ጎን ተቀምጠዋል» አልኳቸው።

«መቀመጤማ ምን ያደርግላታል፣ ልጄ? እግሬን ይዞኝ ከርሞ ነበር። አልሃምዱሊላህ፣ ድኛለሁ ብላት አላምን አለች። በር ላይ ቆሜ እንግዳ ስቀበል ትየኝ ብዬ እኮ ነው ያመጣሁት። ከፈለግህ ጭፈራውን ቁረጠው።»

አፈርኩ። ጭፈራውን ቆርጬ የበሩን አቀባበል መለስኩት። ምስሉ ግን ጥራቱ ከመቀነሱ የተነሳ ደብዝዟል፤ «ፊትዎ እንኳ በደንብ አይለይም» ብዬ ነገርኳቸው።

«ግድ የለም፣ መቆሜ ይታያል» አሉኝ።

በሳምንቱ ሲመለሱ፣ «አየችው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አየችው» አሉና ዱላቸውን ቁልቁል አዩት። «‹አባ፣ ከኋላህ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው ዱላ የማን ናት?› አለችኝ።»